ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ካሮት፣ የትናንት ሩዝ፦ ከሥራ ገብቼ ምን ላድርገው?

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · ረቡዕ ማታ 1፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። አሁን ከሥራ መግባቴ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ብቻ 50 ደቂቃ በልቶብኛል። ልጆቹ «ራበን» እያሉ ቀሚሴን ይዘው እየዞሩ ነው። እንጀራ አልቋል። ጎረቤት እንዳልጠይቅ ባለፈው ሳምንት እሷ ናት ከእኔ የወሰደችው፣ ያበደርኩትን የምጠይቅ ይመስልብኛል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ፣ ሦስት ቃሪያና ትናንት የተረፈ ነጭ ሩዝ ነው። ጓዳ ደግሞ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ ለውዝ፣ ሎሚ፣ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ ሶይ ሶስ አለ (ባለቤቴ ለምን እንደገዛው እስካሁን አልገባኝም)። ረቡዕ ስለሆነ እንቁላልም ቅቤም የለም።

ቻይና ምግብ ቤት እንደሚሠሩት ፈጠን ብሎ የሚጠበስ አትክልት ላድርገው ብዬ ነበር። ግን ከዚህ በፊት ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴም ያው የለመድነው የአትክልት አልጫ ሆኖ ነው የወጣው። ጎመኑ ውሃ ይለቃል፣ ካሮቱ ጥሬ ይቀራል፣ ሩዙ ይላቆጣል። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው? ምድጃዬ ባለ ሁለት ራስ ኤሌክትሪክ ነው።

ጉርሻ_ብቻ · 1፡46

ፓስታ ቀቅዪና ተገላገይ።

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · 1፡47

እሁድም ሰኞም ፓስታ ነበር። ትልቁ ልጄ ሹካ ሲያይ ፊቱን ማዞር ጀምሯል።

ዘነዘና · 1፡51

ሁለት እንቁላል መትተሽ ሩዙ ላይ ብታፈሺበት አለቀ ደቀቀ።

ጉርሻ_ብቻ · 1፡51

ረቡዕ ነው እኮ!

ዘነዘና · 1፡53

ውይ፣ አፉ በሉኝ። ቀኑ ጠፍቶብኝ ነው።

ከዱባይ_ተመላሽ · 1፡58

እህቴ፣ ልገምት፤ ሽንኩርቱን እንደ ወጥ አቁላልተሽ ነው አይደል የምትጀምሪው? የሁላችንም ነገር ነው። እጃችን የለመደው ሽንኩርት በቀስታ እሳት እስኪሟሟ ድረስ ማቁላላት ነው፣ ለዶሮ ወጥ ደግሞ ከዚያ ሌላ መንገድ የለም። ለዚህኛው ግን ሽንኩርቱም ጎመኑም ጥርስ ላይ ቀጭ ማለት አለባቸው፣ እሱ ደግሞ በቀስታ እሳት አይመጣም።

ዱባይ ሰው ቤት አምስት ዓመት ስሠራ ምግብ የምታበስለው ፊሊፒናዊት ነበረች። «ጊኒሳ» የሚሉት አላቸው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ብዙ ጊዜ ቲማቲምም በትኩስ ዘይት ጠበስ ይደረግና ቤት ውስጥ የተገኘው አትክልት ይገባበታል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሽንኩርቱን እሳት ላይ ጥጄ ካሮት መክተፍ ስጀምር አይታኝ ዝም ብላ ምድጃውን ታጠፋው ነበር። ሁሉም ተከትፎ በየሳህኑ ካልተደረደረ፣ ሶሱ እንኳን በስኒ ተለክቶ ካልተቀመጠ እሳት አይለኮስም። ግትርነት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፦ እሳት ላይ የሚቆየው በጠቅላላው ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ አንዱን ስትከትፊ ሌላው ያርራል፣ እንዳያርር እሳቱን ስትቀንሺ ደግሞ ውሃው ይመጣል።

ውሃው ከየት መሰለሽ? ጎመን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። መጥበሻው በደንብ ግሎ ከሆነ የሚወጣው ውሃ ሳይጠራቀም ይተናል። ግማሽ ጥቅሉን በአንዴ ስትገለብጪበት ግን መጥበሻው ይበርዳል፣ ያንቺ ምድጃ መልሶ እስኪያግለው ጎመኑ በራሱ ውሃ ተቀቅሎ ያልቃል። ስለዚህ እንደዚህ አድርጊ፤ ካሮቱን ሰያፍ አድርገሽ በአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት ቁረጪው። ፎሶሊያውንም በሰያፍ፣ ቀጠን አድርገሽ። ጎመኑን በጣት ስፋት፣ ወፍራሙን የመሃል አጥንት ለብቻው አውጪና ከካሮቱ ጋር ደምሪው፣ የሚበስለው ከእሱ እኩል ነው። ያጠብሽውን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂ፣ ይህን እንዳትዘዪ። ከዚያ መጥበሻውን አግዪና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት፣ ካሮትና ፎሶሊያ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ አውጥተሽ ሳህን ላይ። ቀጥሎ ግማሹ ጎመን፤ ጣል አድርገሽ ለአፍታ ተዪው፣ ጠርዙ ቡናማ ሲጀምር ገልብጪው፣ አውጪው። ሌላው ግማሽ እንደዚያው። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ በመጨረሻም ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ። ነጭ ሽንኩርት ቀድሞ ከገባ በግማሽ ደቂቃ ነው አርሮ የሚመርረው። ሽታው ሲነሳ ያወጣሽውን ሁሉ መልሽበትና ሩዙን፣ ከዚያ ሶሱን።

ጨው መጨረሻ ላይ። ሶሱ ራሱ ጨው ነው፣ ቅመሽና ነው የምትጨምሪው።

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · 2፡01

ተባረኪ። መክተፊያው ላይ ነኝ። ትንሹ ልጄ ፎሶሊያውን እየሰበረ እያቀበለኝ ነው፣ ሰያፍ የሚባል ነገር ግን አይጠበቅበትም።

አሌክሳንድሪያ_ቨርጂኒያ · 2፡04

እዚህ ገና የምሳ ሰዓት ነው፣ ቢሮ ሆኜ እያነበብኩ ራበኝ። በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መጥበሻሽ የማያጣብቀው ዓይነት፣ ቴፍሎን ከሆነ ባዶውን እሳት ላይ ጥደሽ አታግዪው። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፣ የሚያወጣውም ጭስ ጥሩ አይደለም። ዘይት ጨምረሽበት በመካከለኛ እሳት ጀምሪ። ብረት ከሆነ ግን እስኪጨስ ብታግዪውም ምንም አይልሽ። መጋሉን ለማወቅ ዘይቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት። ተንጨርጭሮ እዚያው ከጠፋ ገና ነው፣ እንደ ዶቃ ሆኖ እየተንከባለለ ከዞረ ደርሷል።

ፎሶሊያውን ደግሞ በፈላ ውሃ ሁለት ደቂቃ አሳልፊው፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ። አረንጓዴነቱ አይጠፋም።

እኔ በበኩሌ እንደዚህ የምጠብሰው መስኮት ከፍቼ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ጎረቤቶቼ በፒጃማ ኮሪደር ወጥተው ነበር።

ጋሽ_ማማሰያ · 2፡09

ልጆች፣ «ቻይና ምግብ ቤት» እያላችሁ ትገረማላችሁ፤ ጥብስ ታዲያ ምንድን ነው? ተከትፎ፣ በጋለ ብረት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ የሚበላ። የጥብስ ቅጠል ጣል ይደረግበታል፣ አለቀ። ዕድሜ ልካችንን ስናደርገው የኖርነውን ነገር ስሙን ቀይረው ሸጡልን።

ስለ ፎሶሊያው ደግሞ፤ የቨርጂኒያው ሁለት ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። እኛ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ባቄላ ስትቀቅሉ የሚያስቸግራችሁ አንዱ ይኸው ነው። አራት ደቂቃ ስጭው፣ ወይም ጭራሽ አትቀቅዪው፣ ቀጠን አድርገሽ ብትቆርጪው በዘይቱ ይበስላል።

ጨው ግን መጀመሪያ ነው የሚገባው። ያለዚያ ውስጡ አይዘልቅም።

ከዱባይ_ተመላሽ · 2፡13

ጋሼ፣ በጥብሱ እስማማለሁ፣ በጨው ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሰላጣ ጎመን ስንቆርጥ ጨው ነስንሰን የምናሸው ለምን ነው? ውሃውን እንዲያወጣ አይደለም? መጥበሻ ላይም የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ጥብሱንም ቢሆን ልናገር፦ ምግብ ቤት በከሰል የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ የምንሠራው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ሥጋ ትንሽ ድስት ውስጥ ሞልተን ውሃው እስኪመጥ ተቀምጠን የምንጠብቀው ነው። እሱ ቅቅል ነው፣ መጨረሻ ላይ የተጠበሰ።

ጋሽ_ማማሰያ · 2፡15

የጨዋ ልጅ ክርክር ነው፣ ተቀብያለሁ። የቅቅሉን ግን ባለቤቴ እንዳታነብብሽ።

ማታ_ተረኛ_ነርስ · 2፡17

ሩዙን ልጠይቅ፣ ትናንት መቼ ነው ፍሪጅ የገባው? ዛሬ ደግሞ ሰፈራችሁ መብራት ሄዶ ነበር?

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · 2፡18

ከእራት በኋላ ቀዝቀዝ ሲል ነው ያስገባሁት፣ ውጭ የቆየው አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። መብራት ከቀኑ 7 እስከ 9 አካባቢ ጠፍቶ እንደነበር ጥበቃው ነግሮኛል። ለምን?

ማታ_ተረኛ_ነርስ · 2፡24

ያንቺው ደህና ነው፣ ብዪው። የምጠይቀው ሩዝ ሰው አይጠረጥረውም ብዬ ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም፣ ሩዙ ክፍል ውስጥ ለብ እንዳለ ሰዓታት ከቆየ ይባዛና መርዝ ያመነጫል፣ ያ መርዝ ደግሞ መልሰሽ ብትጠብሺውም አይጠፋም። ድስቱ ምድጃ ላይ አድሮ ጠዋት የሚበላው ሩዝ ነው ማስታወክ የሚያመጣው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰፋ ባለ ዕቃ ዘርግተሽ ፍሪጅ ካስገባሽው ችግር የለም። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ መብራት ጠፍቶም ለአራት ሰዓት ያህል ይይዛል።

ደግሞም ለዚህ ሥራ የትናንቱ ከዛሬው ይሻላል። ያደረ ሩዝ ደርቆ ፍሬ ፍሬው ይለያያል። አሁን የተቀቀለ ብትጨምሪ ነው የሚላቆጠው፣ ያለፈው ጊዜ የተበላሸብሽ ምናልባት በዚያ ይሆናል። ከመግባቱ በፊት እጅሽን ነከር አድርገሽ ጓሉን ፈልፍዪው።

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · 2፡26

አዎ ትኩሱን ነበር የምጨምረው! በሉ ገባሁ። ቴፍሎኗ ተጫጭራለች፣ ትንሽም ናት። ቆሎ የምቆላበት ብረት ምጣድ አለኝ፣ ሰፊ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ። እሱ ይሆናል?

ከዱባይ_ተመላሽ · 2፡27

ኧረ እሱማ ዎክ ነው፣ ቻይኖቹ የሚጠብሱበት ጎድጓዳ መጥበሻ! የቆሎ ሽታ ካለበት በሙቅ ውሃ አጥበሽ እሳት ላይ አድርቂው። ለውዙን መጀመሪያ በእሱ ቁዪና አውጪው።

ጋሽ_ማማሰያ · 2፡28

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይሉ ነበር። የዛሬው ግን ይህን አልሰማም መሰለኝ።

ጥቁር_አዝሙድ · 2፡40

ለቅመም እኔ በርበሬ እበትንበታለሁ፣ አይከፋም።

ጋሽ_ማማሰያ · 2፡44

የት ላይ ነው የምትበትኝው? በዚህ ዓይነት እሳት ደረቅ በርበሬ ዘይት ላይ ካረፈ ቶሎ አርሮ ይመርራል። በርበሬ በቁሌት ውስጥ፣ እርጥበት እያለው ነው የሚበስል። ለዚህኛው ከእሳት ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ አዋዜ፣ ወይም ከወረደ በኋላ ሚጥሚጣ ነስነስ። አዋዜው በጠጅ የተለወሰ ከሆነማ አትጠይቂኝ።

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · 3፡30

በላን! ከነስህተቴ ልንገራችሁ።

ምጣዱን ባዶውን አምስት ደቂቃ ጣድኩት። አንድ ጠብታ ውሃ ጣልኩ፤ ጭስ ብሎ ጠፋ። ቆየሁና ሌላ ጣልኩ፣ ይሄኛው እውነትም እንደ ዶቃ ከጠርዝ ወደ መሃል እየተንከባለለ ዞረ፣ ልጆቹ «ድገሚው» ብለው ሦስት ጠብታ አባከንን። ለውዙን ቆላሁ፣ አወጣሁ። ካሮትና ፎሶሊያ ሲገቡ የወጣው ድምፅ ቤቴ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ወንፊት ላይ ዝናብ እንደሚወርድ ዓይነት፣ የማያቋርጥ። የመጀመሪያው ጎመን ሲገባም ያው ድምፅ። ጠርዙ ቡናማ ሆነ፣ መሃሉ አረንጓዴ፣ ውሃ የሚባል ጠብታ የለም። እንደ ቆሎ ነው የቆላሁት፣ እጄ ራሱ ያውቀዋል ለካ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ቸኮልኩ። ትንሹ ልጄ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ነው፣ እኔ ደግሞ የቀረውን ጎመንም ሽንኩርቱንም ቃሪያውንም አንድ ላይ ገለበጥኩት። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። ዝም። ከዚያ ብቅ ብቅ የሚል የወጥ ድምፅ መጣ፣ ታችው ውሃ ያዘ። ያኔ ነው የተናገርሽው ነገር በጆሮዬ የገባኝ። ግማሹን ቶሎ ሳህን ላይ አወጣሁና የቀረውን ምጣዱ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩ፤ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ የወጣውን መለስኩ። ዳነ ማለት ይቻላል። ከመጀመሪያው ዙር ጋር ሲተያይ ግን ልዩነቱ ያስታውቃል፣ አንዱ የተጠበሰ ነው፣ ሌላው የደከመው።

ሩዙ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ገባ። ቀጥሎ ሁለተኛው ጥፋት፤ ሶሱን በስኒ ሳልለካ ከጠርሙሱ አንዴ ደፋሁት። አራት የሾርባ ማንኪያ ይሆናል። ያ አልበቃ ብሎ፣ የእጄ ልማድ፣ ጨውም ቆንጠር።

ከዱባይ_ተመላሽ · 3፡33

ስኒ ብዬ ነበር!

ማታ_ተረኛ_ነርስ · 3፡35

አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ ውስጥ ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ጨው አለ። አራቱን እንግዲህ አንቺው አስይው። በምን አዳንሽው?

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · 3፡38

ያልተከተፈ ጥቂት ጎመን ተርፎኝ ነበር፣ ጥሬውን በጣም አድቅቄ ከላይ አደባለቅኩበት፣ አንድ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ለውዙን በተንኩበት። ጨዉ አልጠፋም፣ ግን ተበላ። ጥሬው ጎመን እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ሆን ብዬም አደርገዋለሁ። ትልቁ ልጄ ለውዙን ለቅሞ ጨረሰና «ነገም» አለ። ውሃ ግን ሲጠጡ ነው ያመሹት።

የሶሱም ምስጢር ተፈታ። ባለቤቴ አቼቶ መስሎት ነው የገዛው። ሰላጣ ላይ አድርጎት ነበር ለካ፣ «አቼቶው ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ጠርሙስ የገዛው ያን ጊዜ ነው፤ ይሄኛው ተጠባባቂው ነው።

ጉርሻ_ብቻ · 3፡41

ሁለት ጠርሙስ 😂

ጉርሻ_ብቻ · ሐሙስ ቀን 6፡15

ቀልዱን ትቼ ልጠይቅ፣ ዛሬ ፍስክ ነው፣ ይሄን ነገር በሥጋ ማድረግ ፈልጌ ነበር። ሩብ ኪሎ የበሬ ሥጋ አለኝ፣ ግን የእኛ ሥጋ ዛሬ ታርዶ ዛሬ ስለሚሸጥ በስምንት ደቂቃ የሚላመጥ አይመስለኝም። ወንደላጤ ስለሆንኩ ትዕግሥት የለኝም።

አሌክሳንድሪያ_ቨርጂኒያ · 6፡50

ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ 30 ደቂቃ አስቀምጠው፣ ጠንከር ሲል እንደ ወረቀት መቁረጥ ይቻላል። የሥጋውን ክር ተመልከት፤ ክሩን ተከትለህ ሳይሆን አቋርጠህ ቁረጥ። ዋናው ይሄ ነው። ከዚያ ለሩብ ኪሎ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ፣ ፓውደሩ አይደለም) አሽተህ 15 ደቂቃ ተወው፣ በደንብ አጥበህ ጭምቅ አድርገህ አድርቀው። ሶዳው የሥጋው ላይኛው ክፍል እሳት ላይ እንዳይኮማተር ያደርጋል። ካላጠብከው ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ከእኔ ተማር።

መጀመሪያ ሥጋው ብቻውን፣ በጋለ መጥበሻ፣ አንድ ደቂቃ ከግማሽ። አውጣው። አትክልቱ ሲያልቅ መልሰው።

ባለ_ቡላ · 7፡20

መረቁ ወፈር እንዲል ቻይኖቹ የበቆሎ ስታርች ነው የሚያደርጉት፣ ሱፐርማርኬት አለ። እኔ ግን የቤቴን ቡላ ነው የምጠቀመው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቡላ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ (በሙቅ ከሆነ ይጓጉላል)፣ ከሶሱ ጋር መጨረሻ ላይ ጠርዙን ተከትዬ አፈሳለሁ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያብለጨልጫል። እናቴ ስታየኝ «ገንፎውን በጎመን ጀመርሽው?» አለች።

ጉርሻ_ብቻ · ማታ 3፡05

ክሩን አቋርጬ ቆረጥኩ፣ ሶዳውን አጠብኩ፣ የጥብስ ቅጠል ጨመርኩ ለጋሼ ክብር። ተላመጠ! ዳቦ ጋር በላሁት። ሩዝ የለኝም፣ ፓስታ ግን ነበረኝ፣ አልነካሁትም።

ጋሽ_ማማሰያ · 3፡12

አየህ፣ ጥብስ ነው የሠራኸው።

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · ዓርብ ማታ 1፡35

እኔ ነኝ ደግሞ። ዛሬም ጾም ነው፣ ዛሬም አሁን ገባሁ። ሶሱን በስኒ ለክቻለሁ፣ ሁሉም ተከትፏል፣ ምጣዱ እየጋለ ነው። ያለኝ ቆስጣ፣ እንጉዳይ፣ አንድ ድንች፣ አንድ ቀይ ሥር። ቅደም ተከተሉ?

ከዱባይ_ተመላሽ · 1፡38

ድንቹ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ፣ ስታርቹ በውሃ ታጥቦ ደርቆ፣ መጀመሪያ። እንጉዳዩ ለብቻው፣ ተበትኖ፣ ያለ ጨው፣ ውሃውን አውጥቶ መልሶ ቡናማ እስኪሆን። የቆስጣው ግንድ ቀጥሎ፣ ቅጠሉ ከእሳት ሊወርድ ሲል፣ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። ቀይ ሥሩን ለነገ ሰላጣ አስቀምጪው፣ ካለዚያ ሁሉም ሐምራዊ ነው የሚሆንልሽ።

የአራተኛ_ፎቅ_ጓዳ · 1፡39

ልጆቹ ሐምራዊውን ነው የመረጡት።